ለረጅም ሰዓት ሳይንሳዊ ስሌት የሚሆን ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል?

የላፕቶፕ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ማሽኑ ገና ሳይሞቅ ለጥቂት ሰከንዶች የሚደርስበት ነው። የአየርና የፈሳሽ ፍሰት ሲሙሌሽን፣ የአየር ንብረት ሞዴል ወይም የጂን ትንተና የሚሠራ ሰው ግን ማታ አስጀምሮ ጠዋት ውጤት ይጠብቃል። ለእሱ ዋናው ቁጥር ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሳይዋዥቅ ይዞ የሚቀጥለው ዋት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚጠቀመው የኃይል መጠን ነው። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አይገኝም፤ ለክቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን ለኩ

ፕሮግራማችሁን አነስ ባለ ዳታ፣ ባገኛችሁት ኮምፒውተር ላይ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ኮር (ኮር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚያሰላ ክፍል ነው) እያስኬዳችሁ የወሰደበትን ጊዜ መዝግቡ። ከ4 ወደ 8 ስትሄዱ ጊዜው እምብዛም ካልቀነሰ ሥራውን የሚያዘገየው ዳታ ከራም ወደ ፕሮሰሰር የሚደርስበት ፍጥነት ሊሆን ይችላል። እንደ ኦፕንፎም ባሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩ የፍሰት ስሌቶች ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ለእንዲህ ያለ ሥራ 24 ኮር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ብሩ ለፈጣን ራም ቢውል ይሻላል።

የራሙንም መጠን በግምት አትወስኑ፣ አስሉት። በድርብ ፕሪሲዥን (ቁጥሮች ከነጠላው ከፍ ባለ ትክክለኛነት በሚያዙበት ዘዴ) አንድ ቁጥር 8 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 40,000 በ40,000 የሆነ ማትሪክስ ብቻውን 12.8 ጊጋባይት ይይዛል፤ ፕሮግራሙ አንድ ቅጂ ካወጣ 25.6 ይሆናል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ብራውዘሩ ሲጨመሩበት 32 ጊጋባይት ጠበበ ማለት ነው። ራም ሞልቶ ማሽኑ ወደ ዲስክ መገልበጥ ከጀመረ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው ሥራ ቀናት ይፈጃል። ከ32 በታች አታስቡ፤ አቅም ካለ 64 አድርጉት።

2. ፕሮሰሰር፦ ቁጥሩን ትታችሁ የመጨረሻውን ፊደል እዩ

ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በስሙ መጨረሻ ላይ «ዩ» (U) ካለ መነሻ ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ 15፣ «ኤች» (H) ካለ 45፣ «ኤችኤክስ» (HX) ካለ 55 ነው። «ዩ» የተጻፈበት ኮር አይ7 በረጅም ሥራ «ኤች» በተጻፈበት የዚያው ትውልድ ኮር አይ5 ብዙውን ጊዜ ይበለጣል። ሻጮች «አይ7 ነው» ብለው ዋጋ ሲቆልሉ ይህን ፊደል አይጠሩትም።

የኮሩን ቁጥርም እንዳለ አትመኑ። ኮር አይ7-13700ኤች 14 ኮር አለው ሲባል 6ቱ ትልልቅ፣ 8ቱ ትንንሽና ዘገምተኛ ናቸው። ሥራውን ለሁሉም እኩል የሚያከፋፍል ፕሮግራም ላይ ፈጣኖቹ ጨርሰው ዘገምተኞቹን ይጠብቃሉ። በ6 ኮር ብቻ ማስኬድ በ14ቱ ከማስኬድ የሚፈጥንበት ጊዜ አለ። የኤኤምዲው ራይዘን 9 7945ኤችኤክስ 16ቱም ኮሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ብዙ ቁጥሮችን በአንዴ የሚያሰላውን ኤቪኤክስ-512 የተባለ የትእዛዝ ስብስብም ይደግፋል። በዚህ ሥራ ከሁለቱ እሱን እንመርጣለን።

ማክቡክ ለሚያስቡ፦ ማክቡክ ኤር ፋን ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማክቡክ ፕሮ ግን በራም ፍጥነት ለሚወሰን ስሌት በጣም ጥሩ ነው፤ ኤም1 ማክስ የተባለው ቺፕ እንኳ በሰከንድ እስከ 400 ጊጋባይት ያመላልሳል። ሆኖም ራሙ ከተገዛ በኋላ አይጨመርም፣ ኩዳን (በኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ለማስላት የሚያገለግለውን ሥርዓት) የሚፈልግ ፕሮግራምም አይሠራበትም።

3. ራም ሁለት ይሁን

ባለ 5600 ዲዲአር5 ራም በሁለት ስሎት ሲገባ በሰከንድ እስከ 89.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ አንድ ብቻ ከሆነ በግማሽ ይወርዳል። አንድ ባለ 32 ከሚሆን ሁለት ባለ 16 ይሁን። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ሳትከፍሉ አረጋግጡ።

4. ግራፊክስ ካርድ

ፕሮግራማችሁ የማይጠቀምበት ከሆነ እለፉት፤ ክብደት፣ ሙቀትና ዋጋ ብቻ ነው። የሚጠቀምበት ከሆነ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የኤንቪዲያ የላፕቶፕ ካርድ አርቲኤክስ 4060 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ሊሠራ ይችላል። ስማቸው አንድ፣ አቅማቸው ግን በጣም የተራራቀ ስለሆነ ዋቱን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ እነዚህ ካርዶች በድርብ ፕሪሲዥን የሚሠሩት በነጠላው ፍጥነት 1/64 ያህል ብቻ ነው። እንደ ግሮማክስ (የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም) በአብዛኛው በነጠላ ፕሪሲዥን ለሚያሰላ ፕሮግራም ድንቅ ናቸው፤ ድርብ ለሚፈልግ ግን ፕሮሰሰሩ ላይ ገንዘብ ማውጣት ይሻላል።

5. የግማሽ ሰዓቱ ፈተና

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ ብር አትክፈሉ። ኡቡንቱ የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትረስ-ኤንጂ (ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ) እና ኤስ-ቲዩአይ (ዋቱንና ሙቀቱን የሚያሳይ) የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ቀድመው ይግቡበት። ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከራሱ ቻርጀር ጋር አገናኙት። ከፍላሹ አስነሱትና ስትረስ-ኤንጂን በማትሪክስ ስሌት፣ በሁሉም ኮር፣ ለ30 ደቂቃ ልቀቁት። ኤስ-ቲዩአይ ላይ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ15ኛውና በ30ኛው ደቂቃ ዋቱን፣ ጊጋኸርዙንና ሙቀቱን ጻፉ። ዊንዶውስን መጠቀም ግድ ከሆነ ሲንቤንችና ኤችደብሊው-ኢንፎ ያንኑ ያሳያሉ።

በመጀመሪያው ደቂቃ 90 ዋት የነበረው ወርዶ 55 ላይ ቢረጋ ጤናማ ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሙቀቱ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ላይ ተሰቅሎ ዋቱ ከመነሻው፣ ለ«ኤች» ከ45 በታች ከወረደ፣ ማቀዝቀዣው በአቧራ ተደፍኖ ወይም ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ይህ በጽዳትና በአዲስ ፔስት ሊስተካከል ስለሚችል ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ይሆናል። ሙቀቱ 70 ወይም 75 ላይ ሆኖ ዋቱ ከወረደ ግን ጥፋቱ ሙቀት አይደለም፦ ወይ አምራቹ ገደብ አስቀምጦበታል፣ ወይ ቻርጀሩ አቅም የለውም፣ አለዚያም ላፕቶፑ ቻርጀሩን አላወቀውም። የአምራቹን ገደብ ማንሳት ብዙ ጊዜ ስለማይቻል ያን ላፕቶፕ ተዉት።

ግራፊክስ ካርዱንም የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አስጨንቁ። በብዙ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚቀዘቅዙት በጋራ ቱቦ ስለሆነ ለየብቻ ሲፈተኑ ያለፉት አብረው ሲሠሩ ሊወድቁ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስለሳሳ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ዱባይ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ ማሽን እዚህ ሊሞቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ድሬዳዋ ዝቅ ብትልም ሙቀቱ ያንኑ ያህል ይፈትናል። ስለዚህ ከቀጭንና ከሚያምረው ይልቅ ወፈር ያለውን፣ ሁለት ፋንና ሰፊ የአየር መውጫ ያለውን ምረጡ። እንደ ዴል ፕሪሲዥን፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ እና ኤችፒ ዜድቡክ ያሉ የዎርክስቴሽን ላፕቶፖች ያገለገሉም ቢሆኑ ከአዲስ ቀጭን ላፕቶፕ የሚሻሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

6. ዲስክ፣ ቻርጀርና መብራት

ዲስኩ ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣን ዓይነት፣ ቢያንስ 1 ቴራባይት ይሁን። ኪውኤልሲ የተባሉት ርካሽ ዲስኮች ብዙ ጊጋባይት በአንዴ ሲጻፍባቸው በጣም ስለሚዘገዩ ቲኤልሲ የተባለውን ዓይነት ፈልጉ።

ኃይለኛ ላፕቶፕ ከ180 እስከ 330 ዋት ቻርጀር ይፈልጋል። በ100 ዋት የዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ብትተኩት ማሽኑ ይዘገያል ወይም ተሰክቶ እያለ ባትሪው ይወርዳል። ከአሜሪካ ለሚመጣ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ የግድግዳውን ገመድ ብቻ ቀይሩ፣ ያውም የመሬት መስመር ባለው።

መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያድናል ብላችሁ ብዙ አትተማመኑ። 80 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 100 ዋት ለሚበላ ማሽን ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚያቆየው፤ ደግሞም ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ፕሮግራማችሁ በየ20 ደቂቃው ውጤቱን ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥና ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚውል ማሽን የባትሪውን ሙሌት 80 በመቶ ላይ ገድቡ።

ገዝታችሁ ሥራ ስትጀምሩ የላፕቶፑን የኋላ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ዋት ገደብ ፈተናው ላይ ከረጋበት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር ዋት በብዙ ስለሚጨምር፣ ከ55 ወደ 45 ዋት መውረድ የሚያሳጣው ፍጥነት ከዋቱ ቅናሽ ያነሰ ነው፤ ፋኑም ሌሊቱን ሙሉ በመጨረሻ ጉልበቱ አይጮኽም።