ስውፕ መጀመር ለምትፈልጉ፦ ከመዞሩ በፊት መተዉን ተማሩ

እዚህ ፍሎሪዳ ዲላንድ በፓራሹት የምንዘልበትን ሜዳ ያዩ ወዳጆቼ «እኔም ስውፕ ማድረግ እፈልጋለሁ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ከዚህ በላይ የምወደው ስፖርት የለም።

ስውፕ ማለት እንዲህ ነው። መሬት ልትደርሱ ስትሉ ራይዘር የሚባለውን የፊት ማንጠልጠያ ስባችሁ ፓራሹቱን ታዞሩታላችሁ። ቁልቁል ይምዘገዘጋል። ራሱን ሲያቀና ያ ፍጥነት ወደ አግድም ይለወጣል፤ ሣሩን ወይም ውሃውን እየታከካችሁ ትንሸራተታላችሁ። አደጋውም እዚያው ነው። ስንት ጎበዝ ዘላይ በደንብ በተከፈተ ፓራሹት ዝቅ ብሎ ሲዞር ተጎድቷል።

የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ለዲ ፈቃድ፣ ማለትም ለከፍተኛው የዝላይ ፈቃድ፣ 500 ዝላይ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ስውፕ ጀምሩ ብዬ ማንንም አልመክርም። አሠልጣኝም የግድ ነው።

ክብደታችሁን አስሉ። ከነዕቃችሁ 180 ፓውንድ ከሆናችሁና ፓራሹቱ 150 ስኩዌር ፊት ከሆነ፣ ጭነቱ (ክብደቱ ለስፋቱ ሲካፈል) 1.2 ነው። ተወዳዳሪዎች ከ2 በላይ ይጭናሉ። እናንተ በምታውቁት ፓራሹት ጀምሩ፤ ለማሳነስ አትቸኩሉ።

ዋናው ሥራ ከፍታ ላይ ነው። 5,000 ጫማ ላይ ከአውሮፕላኑ ብቻችሁን ውጡና ወዲያው ክፈቱ። ዙሪያችሁን አይታችሁ፣ 3,000 ላይ 90 ዲግሪ ዙሩ። ፓራሹቱ ሲቃና አልቲሜትሩን (ከፍታ መለኪያውን) እዩ። 2,650 ካለ ዙሩ 350 ጫማ በላ ማለት ነው። ደጋግሙት፤ ትልቁን ቁጥር ያዙና መጠባበቂያ ጨምሩበት፤ ለማረፍ ስትዞሩ ዙሩን የምትጀምሩት ከመሬት በላይ በዚያ ከፍታ ነው። ሙቀትና ከፍታ ቁጥሩን ያሳድጉታል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ የዲላንዱ ቁጥር እዚያ አይሠራም።

እዚያው ላይ ማቋረጥንም ተለማመዱ። ዙሩ መሃል ላይ ራይዘሩን ልቀቁ፣ ሁለቱንም መሪ እጀታዎች እኩል ሳቡ፣ ክንፉን ከራሳችሁ በላይ አምጡ። እጃችሁ ሳታስቡት እስኪያደርገው ድረስ። መሬት አጠገብ «ዝቅ አልኩ መሰለኝ» ካላችሁ፣ ዝቅ ብላችኋል፤ አቋርጡ። ከፍ ብላችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ ምንም አይደለም፤ ቀለል ያለ ማረፍ ታርፋላችሁ። ዙሩን ጨምራችሁ ለማካካስ ግን አትሞክሩ።

ሰማዩን ከሌሎች ጋር አትካፈሉ። ስውፕ የሚያደርጉ በተለየ የአውሮፕላን ምልልስ ይውጡ፣ በተለየ ቦታም ይረፉ። ከበታቻችሁ ሰው ካለ ዙር የለም።

ውድድሩ ኋላ ይመጣል። የመግቢያው በር 10 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከዚያ በታች ማለፍ ግዴታ ነው። የፍጥነቱ መስመር 70 ሜትር ነው፤ ጎበዝ ተወዳዳሪ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያውን በር ኩሬ ላይ ሞክሩ፤ በመጠኑም ቢሆን ውሃ ከአፈር ይሻላል። ዋና የማትችሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዋና ተማሩ።