የቆየ ቀይ ወይን ለተጠራበት ዋጋ ይመጥናል? ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚታወቅ

ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው አባባል የብዙ ሰው ኪስ አራቁቷል። በዓለም ላይ ከሚመረተው ቀይ ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የሚሠራ ነው። ሲቆይ የሚሻሻለው ጥቂቱ ነው። እሱም በደንብ ከተቀመጠ ብቻ።

ባሕር ዳር ላይ ጣጣው አቀማመጡ ነው። ወይን ተመችቶት የሚቆየው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ በሆነ ቦታ ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ቀን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ስላረጀ ብቻ ተወደደ ሲባል መጠየቅ ያለበት «ስንት ዓመቱ ነው?» ብቻ አይደለም። እነዚያን ዓመታት የት አሳለፋቸው?

መጀመሪያ፦ ለመቆየት የተሠራ ነው ወይ?

ቀይ ወይንን ለዓመታት የሚያቆየው በዋናነት ታኒንና አሲድ ነው። ታኒን ማለት ብዙ የቆየ ጥቁር ሻይ ሲጠጣ እንደሚሆነው ምላስና ድድን የሚያደርቀው ነገር ነው። ወይኑ አዲስ እያለ ይኮሰኩሳል። ከዓመታት በኋላ ይለዝባል፤ የትኩስ ፍሬው ጣዕምም ወደ ደረቀ ፍሬ፣ ወደ ቆዳና ትምባሆ ሽታ ይሄዳል። ታኒኑም አሲዱም ደካማ የሆነ ወይን ግን የሚለዝብ ነገር የለውም። ዝም ብሎ ይሞታል።

በመቆየት ስም ያላቸው ከፈረንሳይ የቦርዶ ካበርኔ ሶቪኞንና የሰሜን ሮን ሲራ (ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ የወይን ፍሬ ዝርያዎች ናቸው)፣ ከጣሊያን ባሮሎና ብሩኔሎ፣ ከስፔን ደግሞ የሪዮሃ ቀይ ወይኖች ናቸው። እዚያም ቢሆን ርካሹ ቦርዶ ለመቆየት አልተሠራም።

የአገራችንን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ጉደርና አክሱማይት ሳይቆዩ የሚጠጡ ናቸው። አቧራ የለበሰ አክሱማይት «የቆየ ነው» ተብሎ ዋጋ ቢጨመርበት እለፉት። ዝዋይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ ካበርኔና ሲራ አለው፣ ጠንከርም ይላል፤ ለእሱም ቢሆን ለዕድሜው ብዬ ተጨማሪ ብር አልከፍልም።

ሁለተኛ፦ ጽሑፉን አንብቡ

ከውጭ የሚመጣ ጠርሙስ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ሲሆን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 2016 የሚል አይታችሁ በእኛው እንዳትቆጥሩት። የአውሮፓ ወይን በአብዛኛው የሚለቀመው መስከረምና ጥቅምት ላይ ስለሆነ 7 ትቀንሳላችሁ፤ 2009 ዓ.ም. ማለት ነው። የደቡብ አፍሪካና የቺሊ ወይን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሚለቀም 8 ትቀንሳላችሁ።

«ሪዘርቭ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ። አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገር ይህ ነው የሚባል ሕጋዊ ትርጉም የለውም። ሪዮሃ ላይ ግን ሕግ አለው። ቀይ ሬሴርቫ (ሪዘርቭ በስፔንኛ) ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል። ግራን ሬሴርቫ ቢያንስ 5 ዓመት ይቆያል፣ 2ቱን በበርሜል። ይህን የምወድበት ምክንያት አለኝ። ወይኑን ያቆየው አምራቹ ራሱ በራሱ ጓዳ ነው። ቢያንስ እነዚያ ዓመታት ሙቀት ውስጥ አልነበሩም ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ የቆየ ወይን መግዛት ካለባችሁ በቅርቡ የገባ ግራን ሬሴርቫ ፈልጉ እላለሁ።

ሦስተኛ፦ ጠርሙሱን መርምሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ባለሱቁም ቢያይ አትፈሩ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

የወይኑን መጠን ተመልከቱ። ጠርሙሱን አቁሙትና ወይኑ የት ድረስ እንደደረሰ እዩ። 10 ዓመት ገደማ የሆነው ወይን አሁንም አንገቱ ላይ መሆን አለበት። ወደ ጠርሙሱ ትከሻ ከወረደ አየር ገብቶበታል፣ ወይም ሙቀት አግኝቶታል። 30 እና 40 ዓመት የሞላው ትንሽ ቢወርድ ያባት ነው፤ የ8 ዓመቱ ግን ሰበብ የለውም።

ቀጥሎ አናቱን ዳስሱ። ወይን ሲሞቅ ይለጠጥና ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል። ሽፋኑ እብጥ ካለ፣ ወይም ከሥሩ የደረቀ ቀይ መስመር ካለና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ወይኑ ፈስሷል። መልሱት።

የስልካችሁን መብራት ከጀርባው አብሩ። አንገቱ ጋ ቀለሙን እዩት። ወደ ጡብ ቀለም ማድላቱ ለቆየ ወይን ጤነኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። ታች የተቀመጠ አተላ ካያችሁ አትደንግጡ፤ የቆየ ቀይ ወይን ያዘቅጣል።

ከዚያ የቆመበትን ቦታ እዩ። ከአስፋልቱ ትይዩ ባለ መስታወት ውስጥ የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ የፈለገውን ያህል ታላቅ ስም ቢኖረው አልነካውም። ቡሽ ያለው ወይን ለዓመታት ቆሞ ከተቀመጠም ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ባለሱቁን በጨዋ ደንብ ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ይሄ እዚህ ከገባ ስንት ጊዜ ሆነው? ከዚያ በፊትስ የት ነበር?» ጥሩ ነጋዴ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ከጓሮ፣ ከቀዝቃዛው ክፍል ሌላ ያመጣላችኋል።

አራተኛ፦ ዕድሜውን ለብቻው ዋጋ ስጡት

የዚያኑ ወይን አዲሱን ፈልጉና ዋጋውን ጠይቁ። ለምሳሌ አዲሱ 6,000 ብር፣ የቆየው 15,000 ብር ቢሆን ለዕድሜው ብቻ 9,000 ብር ተጠይቃችኋል። አሁን ከላይ ያያችሁትን አስቡ። ጠርሙሱ ይህን ጭማሪ የሚያሳምን ነገር አሳይቷችኋል?

የውጭውን ዋጋ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቪቪኖ የሚባለው መተግበሪያ ጽሑፉን ፎቶ ስታነሱት አማካይ ዋጋ ያወጣል። ያንኑ ወይን፣ ያንኑ ዓመት መሆኑን አረጋግጡ፤ በዓመት ልዩነት ዋጋው በጣም ይራራቃል። እዚህ ሲደርስ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ቫትና ትራንስፖርት ስለሚጨመር መወደዱ አያስገርምም። ብርም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የድሮውን ዋጋ እያስታወሱ መከራከር አያዋጣም። የእኔ መለኪያ ይኼ ነው፦ በዕለቱ ምንዛሪ ከውጭው ዋጋ እስከ እጥፍ ድረስ፣ ጠርሙሱ ንጹሕ ከሆነ እገዛለሁ። ከዚያ ካለፈ አልገዛም።

ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ዋጋው ከሱቅ ይበልጣል፤ ቫትና ሰርቪስ ተጨምሮበት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ጥቅም ግን አለው። አስተናጋጁ ፊታችሁ ከፍቶ ያስቀምሳችኋል። ከተበላሸ እዚያው መመለስ ትችላላችሁ። ሱቅ ስትገዙም ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ተበላሽቶ ቢገኝ ይቀይሩላችሁ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ።

አምስተኛ፦ ከፍታችሁ ፍረዱ

አተላው እንዲዘቅጥ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን አቁሙት። የቤታችን ሙቀት ለቀይ ወይን ይበዛል። ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ሲቀዳ ቀስ ብላችሁ፣ አተላው ሊመጣ ሲል አቁሙ።

አሽትቱት። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል። አቼቶ ከሸተተ አየር ገብቶበታል። በጣም የተቀቀለ ማርማላታ ከሸተተ ሙቀት ጎድቶታል፤ እዚህ አካባቢ በጣም የምጠረጥረው ይህን ነው። ሦስቱም ከሌሉ ቅመሱት። ፍሬው አሁንም አለ? ከዋጣችሁ በኋላ ጣዕሙ አፋችሁ ውስጥ ይቆያል፣ ወይስ ወዲያው ጠፍቶ ኮምጣጣነት ብቻ ቀረ? ጥሩ የቆየ ወይን ጣዕሙ ይረዝማል፣ ብርጭቆው ውስጥም ይለዋወጣል። አብዝታችሁ አታናፍሱት እንጂ፤ በጣም ያረጀው ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊደክም ይችላል።

ከምን ጋር እንደምትጠጡትም ዋጋውን ይወስናል። በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ያንን ረጋ ያለ ጣዕም ይውጠዋል። የጣና ዓሣም አይሆነውም፤ ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። ሚጥሚጣ ያልበዛበት የበግ ጥብስ ካለ ግን ተስማሚው እሱ ነው። ለዶሮ ወጡ አዲስና ርካሽ ወይን ግዙ፤ የተሻለ ይሄዳል።

ለሠርግ ወይም ለምርቃት ብዙ ጠርሙስ ካስፈለጋችሁ አንዱን ብቻ ገዝታችሁ በዚያው ሳምንት ክፈቱ። ደህና ከሆነ ከዚያው ካርቶን የቀረውን ውሰዱ። ቤት ስታመጡትም ፍሪጅ አናት ላይ አታስቀምጡት፤ እዚያ ይሞቃል። ፀሐይ በማይደርስበት ክፍል ወለል ላይ አጋድሙት፣ ሙቀቱ ሳይገባ በፊትም ጠጡት።