የመሥሪያ ቤት ክሊኒክ ለሌላ ድርጅት ስትሰጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። "የሠራተኛ ክሊኒካችንን የሚያስተዳድር ድርጅት በጨረታ ልንመርጥ ነው፤ የናንተን ሰነድ ላክልኝና ስሙን ቀይሬ ላውጣው" አለኝ። አልላክሁለትም። ሰነዱ ውስጥ የኔ ስህተት ሁሉ ተሰድሮ አለ። በሱ ፈንታ ይህን ጻፍኩ። እኔ የሰው ሀብት ክፍል ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጨረታ ኮሚቴ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሁለቴ ተሸውጃለሁ።

በምርመራና በመድኃኒት ብዛት አትክፈሉ። ይሄን ያስቀደምኩት እስካሁን ስለሚያናድደኝ ነው። የመጀመሪያው ውላችን ለእያንዳንዱ ላብራቶሪና ለእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ያስከፍለን ነበር። የተጠቀምነውን ብቻ መክፈላችን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። በሦስተኛው ወር መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ታይፎይድ ያዘው! ራሱን ያመመው ታይፎይድ፣ ወገቡን የያዘው ታይፎይድና ታይፈስ። አንድ ሾፌራችንማ ዓይኑን ቆጥቁጦት ገብቶ ታይፎይድ ተብሎ ወጣ። ሁሉም ያችኑ ሲፕሮ የምትባል አንቲባዮቲክ በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣል። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ደረሰኙን እየደረደረች "ጋሼ፣ ካፌውን እንዝጋው እንዴ?" አለችኝ። እኔም የዋሁ የካፌውን ውኃ አስመረመርኩ። ውኃው ንጹሕ ነበር።

በኋላ ሐኪም የሆነ ዘመዴ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ዊዳል የሚባለው ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታሞ የዳነ ሰውም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። አንድ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ሁነኛው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል። የክሊኒኩ ሲስተር ክፉ ሰው አልነበረችም። ባዶ እጁን የሸኘችው ታማሚ ሁሉ ለአሠሪዋ ኪሳራ እንዲሆን አድርገን የተዋዋልነው እኛ ነን። አሁን የምሠራው በቋሚ ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ መድኃኒቱ በተገዛበት ዋጋ ከነደረሰኙ ለብቻ ይቀርባል። እርግጥ ቋሚ ክፍያም የራሱ ጣጣ አለው። የመጣውን ታማሚ ሁሉ፣ ሥራ ለመሸሽ ሲል ሌላ ቦታ ሪፈር የሚል ድርጅት አይጠፋም። እሱን ግን በየወሩ የሪፈሩን ብዛት እያዩ መያዝ ይቻላል። የተዋጠ ሲፕሮ ግን አይመለስም።

ለሲቪ ነጥብ አትስጡ። ሁለተኛው ጨረታ ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ ያላቸው ዶክተር በወረቀት ቀርበው አንደኛ ወጡ። ሥራው ሲጀመር የመጣችው በዚያው ዓመት የተመረቀች ልጅ ናት። ዶክተሩን አንድም ቀን አላየናቸውም። ልጅቷ ታሳዝነኝ ነበር፤ ጉሮሮ የሚያይ መብራት እንኳን አልሰጧትም፣ በስልኳ ነበር የምታየው። ስለዚህ ክሊኒኩ ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሳታነጋግሩ አትፈርሙ። ስሙ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሚቀየርም ከሆነ እናንተ አይታችሁ ፈቅዳችሁ ይሁን።

የክሊኒክ ፈቃድ የሚሰጠው ለቦታም ጭምር ነው። ድርጅቱ ቦሌ ላይ ፈቃድ ያለው ክሊኒክ አለኝ ስላለ የእናንተ አምስተኛ ፎቅ ፈቃድ አገኘ ማለት አይደለም።

ማን ምን እንደታመመ የሚገልጽ ሪፖርት አትጠይቁ። እኔ ጠይቄያለሁ፣ አፍሬበታለሁም። በየወሩ ስም ከነበሽታው በኤክሴል ይመጣልኝ ነበር። አንዱ ወር ላይ ወረቀቱ ፕሪንተር ላይ ተረሳና አንዲት ልጅ ማርገዟን ለባሏ ሳትነግረው አለቃዋ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ክሊኒኩን አልረገጡትም፤ ከኪሳቸው እየከፈሉ ውጭ ይታከሙ ነበር። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ነገሩ ማፈር ብቻ አይደለም፣ ያስጠይቃል። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ብቻ ነው፦ ስንት ሰው ታየ፣ ስንት ሪፈር ተጻፈ፣ ስንት ቀን የሕመም ፈቃድ ተሰጠ።

ስለ ሕመም ፈቃድ ካነሳን፣ አለቆች ሲስተሯ ጋ እየደወሉ "ለዚያ ልጅ እንዳትሰጪው" እንዳይሉ ውሉ ላይ ዝጉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያስቀመጠው ግልጽ ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይፈቀዳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ሠራተኛው መታመም አለመታመሙን የሚለየው ሐኪሙ ነው፣ አለቃው አይደለም።

ቃሬዛው ሊፍት ውስጥ ይገባል? ለክቱ። የኛ አልገባም ነበር፤ ይሄን ያወቅነው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወድቀው 907 ደውለን አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። በወንበር ተሸክመን በደረጃ አወረድናቸው።

ፍሪጁንም ጄኔሬተሩ ከሚይዘው መስመር ጋር አገናኙት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

የመጨረሻው፣ ውሉ ሲያልቅ የታካሚዎቹ ካርድ የት እንደሚሄድ ሳይጻፍ አትፈርሙ። የታይፎይዶቹን ሰዎች ስናሰናብት ካርዱን በሙሉ በካርቶን ጭነው ሄዱ። ብንደውል፣ ደብዳቤ ብንጽፍ መልስ የለም። አዲሷ ሲስተር ሥራ ስትጀምር ከባዶ ነው የጀመረችው። ከሁሉ ቀድመው የመጡት የጽዳት ክፍላችን እማማ ናቸው፤ ከጉያቸው አንዲት የተጣጠፈች ደብተር አወጡ። የሁለት ዓመት የደም ግፊታቸውን ከነቀኑ የትምህርት ቤት ልጃቸው በእስክሪብቶ ጽፋላቸዋለች። ክሊኒኩ ውስጥ በዚያ ቀን የነበረው ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር።