ኦሽን ቢች ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

ቤይ ኤሪያ ያለን ሰዎች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ ጎልደን ጌት ድልድይ ከዛ ሳን ፍራንሲስኮ ኦሽን ቢች ነው የምንወስደው፣ ቦታው በጣም ያምራል፣ 5 ኪሎሜትር ተኩል ገደማ አሸዋ ነው። ግን ባህሩ ሰው ይበላል፣ ስለዚህ እባካችሁ ይቺን አንብቡ።

"እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው የምገባው" ማለት ዋናው ስህተት ነው። እዛው የተተከለው ማስጠንቀቂያ ራሱ የዋኙ ብቻ ሳይሆን እግራቸውን ብቻ ያስገቡ ሰዎችም ሰጥመው እንደሞቱ ነው የሚናገረው። ውሃው ሲመለስ ከእግራችሁ ስር አሸዋውን ጠርጎት ይሄዳል፣ ተረከዛችሁ ሲሰምጥ ይታወቃችኋል፣ ሚዛን ስታጡ ደግሞ ቀጣዩ ሞገድ ደርሷል። ልጅ ከያዛችሁ እጁን አትልቀቁ፣ በቃ።

ሌላው ረጋ ያለ ቦታ መርጦ መግባት። ግራና ቀኙ ሞገድ እየተሰበረ መሀሉ ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ ካያችሁ እሱ ሪፕ ከረንት ነው፣ ወደ ዳር የመጣው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ማለት ነው። ከያዛችሁ ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚወስዳችሁ፣ የሚገድለው ፊት ለፊት ታግሎ መድከሙ ነው። አትታገሉት፣ ተንሳፈፉ፣ እጅ አውለብልቡ፣ ከቻላችሁ ከባህር ዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከሱ ውጡና ከዛ በሰያፍ ተመለሱ።

"ላንጋኖ ዋኝቼ ነው ያደኩት" የሚልም አለ። ወንድሜ ላንጋኖ ላይ እንዲህ አይነት ሞገድም ሪፕ ከረንትም የለም፣ ውሃውም ይሞቃል። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ገና ስትገቡ ትንፋሽ ያስቆርጣል፣ ትንሽ ቆይቶ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል። ሰርፍ የሚያደርጉትን አይታችሁ እንዳትሸወዱ፣ እነሱ ወፍራም ዌትሱት (ከቅዝቃዜ የሚከላከል የዋና ልብስ) ለብሰው ነው የሚንሳፈፍ ቦርድም አላቸው ባህሩንም ያውቁታል።

ፎቶ ለመነሳት ለባህሩ ጀርባ መስጠትም አደጋ ነው፣ በተለይ ከመስከረም ማብቂያ እስከ መጋቢት። ረጅም ሰአት ትንንሽ ሞገድ ይመጣና ድንገት አንዱ ደረቁን አሸዋ አልፎ ይወጣል። ከቢቹ ሰሜን ጫፍ ሱትሮ ፍርስራሽ (የድሮ መዋኛ ቤት ፍርስራሽ) ጋር ያሉት ድንጋዮች ላይ መውጣት ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

የመጨረሻው፣ የሚሰጥም ሰው አይቶ ዘሎ መግባት። እንደ ሎስ አንጀለሱ ሳንታ ሞኒካ ቢች ማማ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ላይፍጋርድ (ዋናተኛ አዳኝ) የለም፣ ሊያድን ገብቶ አብሮ የሚሄደው ብዙ ነው። ቶሎ 911 ደውሉ፣ በሰሜን በኩል ግድግዳው ላይ ያሉት ደረጃዎች ቁጥር አላቸው፣ የቅርቡን ቁጥር ንገሯቸው። ኳስም ሆነ ኩለር የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ አይናችሁን ከሰውየው ላይ አታንሱ።

ልጆቹ የግድ ውሃ ካሉ አላሜዳ ክራውን ቢች ውሰዷቸው፣ ጥልቀት የለውም ሞገዱም ቀላል ነው፣ እዛም ግን አጠገባቸው ሁኑ።