ትልቅ ዝርያ ቡችላችሁ ማነከስ ሲጀምር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የኔ ጀርመን ሼፐርድ ጃክ 7 ወሩ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት የግራ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እሾህ የወጋው መስሎኝ መዳፉን ገልብጬ ፈለግሁ። ምንም የለም። ጎረቤት "ካልሲየም አንሶት ነው" አለኝ። ሲረፕ ገዛሁ፣ አጥንት ጨመርኩ፣ ስጋውን አበዛሁ። ሁሉም ስህተት ነበር። ሼፐርድ፣ ሮትዋይለር፣ ላብራዶር ወይም ግሬት ዴን የምታሳድጉ ሰዎች ያንን እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ሲራመድ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በስልክ ቅረጹት። ብዙ ውሻ ክሊኒክ ሲደርስ ከድንጋጤው የተነሳ ማነከሱን ይተዋል፤ ቪዲዮው ያኔ ይጠቅማል። የፊት እግሩን ካመመው፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ብታዩት ይታያችኋል።

የሚያነክስበት እግር ይቀያየራል

ዛሬ ግራ፣ ከሳምንታት በኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ የኋላ። ዕድሜው ከ5 እስከ 18 ወር ከሆነ፣ በተለይ ወንድ ሼፐርድ ከሆነ፣ ፓንኦስቴይቲስ የሚባለው ሕመም ይጠረጠራል። ይህ የመገጣጠሚያ ችግር አይደለም። የሚታመመው ራሱ የእግሩ ረጅም አጥንት ነው።

የጃክም ይሄው ነበር። ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። ጃክ ዝም አለ። ከዚያ ከክርኑ በታች ያለውን አጥንት መሃሉ ላይ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው፣ ጃክ ዞር ብሎ የሐኪሙን እጅ በጥርሱ ያዘ። አልነከሰውም። "ተው" ያለው ነው የሚመስለው።

ይህ ሕመም ጊዜውን ጠብቆ ይድናል። አንዱ ዙር ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። የሚፈልገው እረፍትና ሐኪም ያዘዘለት ማስታገሻ ነው።

ሲሮጥ ሁለቱ የኋላ እግሮቹ አብረው ይነሳሉ

እንደ ጥንቸል ይዘላል። ከተኛበት ሲነሳ ይቸገራል፣ ደረጃ ይፈራል፣ ትንሽ ተጫውቶ ቁጭ ይላል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ዳሌ ነው፤ ሂፕ ዲስፕላዚያ ይባላል። የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አይገጥምም። ስለላላ ይፋተጋል፣ ልም አጥንቱም እያለቀ ይሄዳል።

በዘር ይወረሳል። ስለዚህ ቡችላ ስትገዙ የእናትና የአባቱ ዳሌ በራጅ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ። ግን ዘር ብቻውን አይወስንም። በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ተሰጣቸው። የዳሌ ችግር ያነሰው እነሱ ላይ ነው፤ ዕድሜያቸውም በ2 ዓመት ገደማ በለጠ። ክብደት በእጃችን ያለ ነገር ነው።

"ሲያድግ ይተወዋል" ብላችሁ አትጠብቁ። ቡችላው 5 ወር ሳይሞላው ብቻ የሚሠራ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። ያ ጊዜ ካለፈ የሚቀሩት አማራጮች ከባድና ውድ ናቸው።

ሁልጊዜ ያው የፊት እግር ነው

ከ4 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ፣ ተኝቶ ሲነሳ ይብስበታል፣ መዳፉም ወደ ውጭ ይዞራል። የሚጠረጠረው ክርን ወይም ትከሻ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ራጅ ይነሳ።

ትኩሳት አለው፣ አይበላም

ከ3 እስከ 6 ወር ባለ ቡችላ ከመዳፉ በላይ ያለው ቦታ አብጦ ከሞቀ፣ ወይም አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ካበጠ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የመዥገር በሽታም መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ ጆሮውን ገልጣችሁ እዩ።

ምግቡ

እኛ ዘንድ ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ አንጀቱ ትርፍ ካልሲየምን መመለስ አይችልም፤ የሰጣችሁትን ይቀበላል። ትርፉ ደግሞ የአጥንቱን እድገት ያዛባል። አድጎ ከ32 ኪሎ በላይ ለሚሆን ቡችላ፣ የአሜሪካ የእንስሳት መኖ ደረጃ የካልሲየሙን ጣሪያ፣ ውሃው ሳይቆጠር፣ ከምግቡ 1.8 በመቶ ላይ አቁሞታል።

ከስጋ ቤት የሚመጣ ጥራጊና ሳምባ ብቻ መስጠትም ሌላ ጥፋት ነው። ስጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ቡችላው ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይስባል፣ አጥንቱም ይሳሳል። እና ስጋ ላይ ሲረፕ በግምት ማፍሰስ መፍትሄ አይሆንም። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ግዙና ምንም አትጨምሩበት። ቤት የምታበስሉ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ያስላላችሁ።

ጎኑን ስትዳብሱ የጎድን አጥንቱ በእጃችሁ ሊታወቃችሁ ይገባል። ከላይ ስታዩትም ወገቡ ሰብሰብ ይበል። ሰው "አከሳችሁት" ይላችኋል። እኔም ተብያለሁ። ይበሉ።

ወለሉና ሰንሰለቱ

ጃክ ሴራሚኩ ላይ ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይንሸራተቱ ነበር፤ ጥፍሩ ሲቧጥጥ ከመኝታ ቤት ይሰማኛል። አሮጌ ምንጣፍ ዘረጋሁለት፣ ድምፁ ቀረ። በኖርዌይ በተደረገ ጥናት፣ ከ3 ወር በፊት ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቡችሎች ለዳሌ ችግር ይበልጥ ተጋልጠዋል። ለስላሳ መሬት ላይ ተለቀው የተጫወቱት ግን አደጋቸው ቀንሷል። ቀኑን ሙሉ ሰንሰለት ላይ ማሰርን ተዉ። ሣር ላይ ይፈታ፣ ሲደክመው ይረፍ። ከመኪና ላይ ማዘለልና ኳስ ደጋግሞ መወርወር ይቆይለት።

መድኃኒት

ከቤት ያለውን አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል በፍጹም አትስጡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨጓራውን ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱን። ለውሻ የተፈተሹ እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉ ማስታገሻዎች አሉ፣ እነሱም በኪሎው ተሰልተው በሐኪም ይታዘዛሉ። ሌላ ቦታ የዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ መድኃኒት) መርፌ ተወግቶ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከእነዚህ ማስታገሻዎች ጋር አብሮ አይሰጥም።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ራጅ እንዳላቸው ጠይቁ። ለዳሌ ራጅ ውሻው በማደንዘዣ መተኛት አለበት። ስለዚህ ምግቡን ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምትከለክሉት በዚያው ጠይቋቸው።