የአኮስቲክ ጊታር ቀረጻ፦ ከማይክ አቀማመጥ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኢኪው (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያ) ከመነካቱ በፊት ማይኩ ይንቀሳቀስ። አምስት ሴንቲ ሜትር እንኳ ድምፁን ይለውጣል። መነሻችሁ ይህ ይሁን፦ አንድ ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ የሚሰማ) ኮንዴንሰር ማይክ፣ ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች) ፊት ለፊት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ።

ወፍራሙ ድምፅ ያጉረመርማል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማይኩ የጊታሩን ቀዳዳ በቀጥታ እያየ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር 100 ኸርዝ አካባቢ ይርገበገባል፤ ጉልበቱም የሚወጣው በዚያው ቀዳዳ ነው። ካርዲዮይድ ማይክ ደግሞ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ የበለጠ ያጎላል፤ ስለዚህ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ እዚህ ብዙ አይረዳም፤ የሚያስቸግረው ድምፅ ከዚያ በላይ ነውና።

መጀመሪያ ማይኩን ወደ አንገቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሰዱትና ቅረጹ። ካልበቃ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታድርጉ፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ክፍሉ ጥሩ ከሆነ ኦምኒ (ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማ) ማይክ ሞክሩ፤ በመቅረብ ብቻ ወፍራሙን ድምፅ አያጎላም።

ድምፁ ቀጥኗል፣ የጣት ፉጨት በዝቷል

ማይኩ ወደ አንገቱ ከሚገባው በላይ ሄዷል። ወደ ሳጥኑ መልሱት፤ ፉጨቱ ካልቀነሰ ከብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ ከሚታሰሩበት) በኩል አስቀምጡት።

በሁለት ማይክ የተቀዳው ሞኖ ሲሆን (ወደ አንድ ሲቀላቀል) ይጎድላል

ድምፁ ሁለቱ ማይኮች ጋ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ነው። የርቀቱ ልዩነት 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አስተማማኙ መንገድ የሁለቱን ማይኮች ጫፍ አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ በ90 ዲግሪ ማቆላለፍ ነው። አራርቃችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ግን ሞኖ ላይ እየሰማችሁ አንዱን በጥቂት በጥቂቱ አንቀሳቅሱ፤ ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ ሲመለስ አቁሙ።

የባዶ ክፍል ድምፅ ይሰማል

ብርድ ልብሱን ከማይኩ ጀርባ መስቀል የተለመደ ነው፤ ካርዲዮይድ ግን በጀርባው ብዙም አይሰማም። የሚሰማው ከፊቱ፣ ማለትም ከተጫዋቹ ጀርባ ካለው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ እዚያ ስቀሉ፤ ተጫዋቹንም ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት።

ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል

ተጫዋቹ እየተወዛወዘ ነው። የማይሽከረከር ወንበር ስጡት፣ የወንበሩንና የእግሩን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።