የጥጃ ክትባት ሙከራን የሚያበላሹ ስህተቶች

አዲስ የባክቴሪያ ክትባት በጥጆች ላይ ሲሞከር ትልቁ ስህተት የሚሠራው ገና መርፌው ሳይወጋ ነው፦ ጥጃው እንገር በደንብ መጥባቱን አለማጣራት። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ አንቲቦዲ (በሽታ አምጪን የሚዋጋ ፕሮቲን) የለም ማለት ይቻላል፤ የላም የእንግዴ ልጅ አያሳልፍም። የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ጥጆች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከእናት የመጣው አንቲቦዲ ለወራት ሊቆይና ክትባቱን ሊያዳክም ይችላል። በዚያ ላይ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተከተቡት ላይ እየወረደ የተከተቡት ላይ ባለበት ከቆየ፣ "ለውጥ የለም" ብላችሁ አትለፉት፤ ክትባቱ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ከመከተቡ በፊት ደም ካልተወሰደ ግን ይህን ማወቅ አይቻልም።

ቡድን ሲከፈል ዕጣ ይውጣ። ለመያዝ የቀለሉትን ቀድሞ መከተብ ዕጣ አይደለም!

ሌላው ስህተት አንቲቦዲ ጨመረ ብሎ ጥጃው ከበሽታው ተጠብቋል ማለት ነው። ኢላይዛ የተባለው የደም ምርመራ የሚነግረን አንቲቦዲው ከባክቴሪያው ክፍል ጋር መጣበቁን ብቻ ነው። እንደ ብሩሴላ (ላሞችን የሚያስወርድ) እና የከብት ቲቢ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሴል ውስጥ ይደበቃሉ። እነሱን ለመቋቋም ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎችና የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ወሳኝ ናቸው፤ እሱም መለካት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ልፋት በከንቱ ይቀራል። ለኢንተርፌሮን ምርመራ ደሙ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ባለው ቱቦ ተወስዶ ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ ሴሎቹ በሕይወት ያስፈልጋሉ። በልማድ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ደም ደካማ ውጤት ሲሰጥ ጥፋቱ በክትባቱ ይላከካል።

ለማነጻጸሪያ ቡድኑ የጨው ውሃ ብቻ መስጠትም አያዋጣም። ክትባቱ ውስጥ ያለው አጁቫንት (የክትባቱን ኃይል የሚያጠናክር ንጥረ ነገር) ብቻውን እብጠትና ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አጁቫንት ብቻ የሚወጋ ቡድን ይኑር።

በመጨረሻ፣ ክትባቱ የበሽታውን ምርመራ እንዳያደናግር አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ኤስ19 በተባለው የብሩሴላ ክትባት የተከተበች ጥጃ በኋላ በደም ምርመራ በሽተኛ መስላ ልትታይ ትችላለች። አርቢ51 የተባለው ሌላው የብሩሴላ ክትባት ግን የተለመዱት ምርመራዎች የሚፈልጉት የስኳር ሰንሰለት ስለሌለው ይህን ችግር አያመጣም።